ሰሌዳው ወይስ ፖስታ ሣጥኑ?

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራር አስተያየት ለመስጠት ብዕር ሲያነሡ «እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድመን እንስጥ። የአንድ ሰው ድርሰት በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ በማግኘታችን አገባን። ስሕተቱን የሠራው እኛው የጻፍነው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙም የተሳሳተው ሒሳብ ጠፍቶት አይደለም፤ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን መንገድ እኛ አስበን ስላልመረጥንላቸው ነው። ጉዳዩ የመነጋገር ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ዝም የሚልበት ምክንያት አይታየንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማባዣ መኪና የታተሙ የቀድሞ ተማሪዎች መጽሔቶች ቀለማቸው እየደበዘዘ፣ ወረቀታቸውም እየተሰባበረ መሄዱን አይተን፣ ጥቂት ጓደኛሞች ከሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ጋር ተባብረን ገጾቹን ፎቶግራፍ እያነሣን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ተነሣን። ሥራውን ለሦስት ፕሮግራሞች አከፋፈልነው። የመጀመሪያው ፎቶግራፉን ከነጸሐፊው ስም ያቀርባል፤ ሁለተኛው ከፎቶግራፉ ላይ ፊደሉን ለቅሞ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ሦስተኛው ጽሑፉንና የጸሐፊውን ስም አገናኝቶ ይመዘግባል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ አንዱ 15ኛውን ገጽ ሲያቀርብ ሌላው 14ኛውን ያነባል፤ ጊዜ ይቆጠባል ብለን ነበር።

እንዲህ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የየራሱን ሜሞሪ ይሰጠዋል፤ አንዱ የሌላውን ማየትም መንካትም አይችልም። አጥሩ የታጠረው ለደግ ነው፤ አንዱ ቢያብድ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። ነገር ግን አብረው የሚሠሩ ሁሉ መነጋገር አለባቸው፤ በአጥሩ ላይ በር መክፈት ግድ ይሆናል። ክርክሩ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው፤ በሩ ምን ዐይነት ይሁን?

እኛ መጀመሪያ የመረጥነው በር የጋራ ሜሞሪ ነበር። የጋራ ሜሞሪ በአንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ እንደ ተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ማንም ይጽፍበታል፤ ማንም ያነብበታል፤ ማንም ይደመስሰዋል። እጅግ ፈጣን ነው፤ የተጻፈው ወዲያው ለሁሉም ይታያልና። በሰሌዳው ላይ አንድ ቦታ ለጸሐፊው ስም፣ አንድ ቦታ ለጽሑፉ ከለልን። መዝጋቢው ቀና ብሎ ሁለቱን አንብቦ ይመዘግብ ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ሁሉም ነገር የተቃና መሰለን። በኋላ ግን አንዲት እኅታችን ከዋናው ወረቀት ጋር ስታመሳክር፣ የአንዱ ድርሰት በሚቀጥለው ገጽ ጸሐፊ ስም መመዝገቡን አገኘች። ፊደል ለቃሚው የ14ኛውን ገጽ ጽሑፍ ገና በሰሌዳው ላይ ሲያኖር፣ አቅራቢው ቀድሞ የ15ኛውን ገጽ ስም ጽፎበት ኖሯል። መዝጋቢው ያየውን ጻፈ። ምን ያድርግ?

ከሁሉም የሚያሳዝነው ስሕተቱ ዘወትር አለመታየቱ ነው። ሁልጊዜ ቢሳሳት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እንይዘው ነበር። እሱ ግን የሚሳሳተው የሦስቱ እርምጃ በአንድ አጋጣሚ ሲሳከር ብቻ ነው፤ እንዲደግመው ስንፈልገው ደግሞ ጨዋ ሆኖ ይውላል። የሐሰት ምስክር የሚያስፈራው አብዛኛውን ጊዜ እውነት የሚናገር ሲሆን ነው።

«ቁልፍ አድርጉበት!» ይሉናል የቴክኖሎጂ ተማሪዎች። እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል። ዳይክስትራ የተባለው ሆላንዳዊ ሊቅ በ1965 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጻፈው ትምህርት ሴማፎር የሚባለውን ዘዴ አስተዋውቋል። በሰሌዳው ምሳሌ ስንናገር፣ ለክፍሉ አንድ ጠመኔ ብቻ መስጠት ማለት ነው፤ ጠመኔውን የያዘ ይጽፋል፤ ያልያዘ ይጠብቃል። ዘዴው ትክክል ነው። ነገር ግን የሚሠራው ሁሉም በስምምነቱ ሲጸና ብቻ ነው። ከብዙዎቹ አንዱ ጠመኔውን መጠየቅ ቢረሳ፣ ወይም ወስዶ መመለስ ቢረሳ፣ ሰሌዳው ራሱ አይከለክለውም። አንዱ የዘነጋውንም ሌላው ይከፍላል።

ይህ የተማሪ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ የቴራክ 25ን ታሪክ ያንብብ። ቴራክ 25 በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የካንሰር ጨረር ማከሚያ መሣሪያ ነበር። ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበለጠ ጨረር ተለቅቆባቸዋል፤ ከነሱም ለሞት የተዳረጉ አሉ። በውስጡ ጐን ለጐን የሚሠሩት የፕሮግራም ክፍሎች የሚነጋገሩት ሁሉም በሚነኩት የጋራ ቦታ ነበር። በ1986 በቴክሳስ በደረሰው አደጋ፣ ባለሙያዋ የጨረሩን ዐይነት ተሳስታ ከጻፈች በኋላ ፈጥና አረመችው። በዚያ ሰዓት ግን መሣሪያው ማግኔቶቹን በማስተካከል ላይ ነበር፤ ሥራው 8 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ በነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ የተደረገውን እርማት አንዱ ክፍል ሲያይ ሌላው አላየውም። ጥፋቱ የሰሌዳው ብቻ ነበር አንልም፤ በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ላይ የነበረው የብረት መከላከያ ተነሥቶ ሁሉ ነገር ለፕሮግራሙ መተዉም ሌላ ትልቅ ጥፋት ነው። ቢሆንም በግማሽ የታረመ ሰሌዳ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

እንግዲህ ሁለተኛው በር የመልእክት ወረፋ ነው። ይህ እንደ ፖስታ ሣጥን ያለ ነው። ላኪው የሚለውን ሁሉ በአንድ ፖስታ አሽጎ ለከርነሉ፣ ማለትም ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ያስረክባል። ከርነሉም ግልባጩን በወረፋው ያኖረዋል። ተቀባዩ ጊዜ ሲያገኝ ከፊተኛው ጀምሮ ያነሣል። ሁለቱ በአንድ ሰዓት መገናኘት የለባቸውም፤ ላኪው ሥራውን ጨርሶ ቢሞት እንኳ መልእክቱ ይቆያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መልእክት ወይ ሙሉውን ይደርሳል ወይም አይደርስም፤ በግማሽ የተጻፈ ደብዳቤ ማንም አያነብም። ላኪው ከላከ በኋላም ሐሳቡን ቢለውጥ በተቀባዩ እጅ ያለውን ሊፍቅ አይችልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና!

ሐሳቡም ትናንት የተወለደ አይደለም። ብሪንክ ሃንሰን የተባለው ዴንማርካዊ ለአር ሲ 4000 ኮምፒዩተር የሠራውን ሥርዓት በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ሲያስረዳ፣ የፕሮሰሶች ንግግር በአራት ቃላት እንደሚያልቅ አሳይቷል፤ መልእክት ላክ፣ መልእክት ጠብቅ፣ መልስ ላክ፣ መልስ ጠብቅ። ወደ ዩኒክስ ቤተ ሰብም ገብቶ በ1983 በወጣው ሲስተም ፋይቭ ታወቀ። በ1993 ፖዚክስ የተባለው የጋራ ደንብ ሌላ መልክ ሰጠው፤ ሊነክስም ይህኑ መልክ በ2004 ተቀበለ። በፖዚክሱ ወረፋ ለያንዳንዱ መልእክት የቅድሚያ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ከፍተኛው ቀድሞ ይነሣል፤ እኩል ቍጥር ያላቸው በመጡበት ተራ ይነሣሉ።

እኛም ፕሮግራማችንን በዚህ መንገድ እንደገና ጻፍነው። የጸሐፊው ስምና ጽሑፉ ባንድ ፖስታ አብረው መጓዝ ስለ ጀመሩ፣ ስምና ሥራ የሚለያዩበት ቀዳዳ ተደፈነ። እዚህ ላይ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ሁሉ የሚጠቅም አንድ ነገር ተምረናል። በሊነክስ ሳይለወጥ የተተወ ወረፋ አንድን መልእክት እስከ 8192 ባይት ድረስ ይቀበላል። እኛ ባይትና ፊደል አንድ መስሎን ነበር። የኛ ፊደል ግን ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ በአንድ ፖስታ የሚገባው ከ2730 ፊደል አይበልጥም። ጽሑፍ የታጨቀባቸው ገጾች ብቻ እየተመለሱ ሲያስቸግሩን ምክንያቱን ያወቅነው ከዚህ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን በፋይል አስቀምጠን በፖስታው ውስጥ የምንልከው የፋይሉንና የጸሐፊውን ስም ሆነ። ሕጋችንም ጥብቅ ነው፤ የላከ ሰው ያንን ፋይል ዳግመኛ አይነካም፤ ያለዚያ ፋይሉ ራሱ ሌላ ሰሌዳ ይሆናልና።

ተቃዋሚዎቻችን ሁለት ነገር ይሉናል። ለሁለቱም መልስ አለን።

አንደኛው፣ ወረፋ ዘገምተኛ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። መልእክቱ ከላኪው ወደ ከርነሉ አንዴ፣ ከከርነሉ ወደ ተቀባዩ አንዴ ይገለበጣል፤ ሰሌዳው ግን ግልባጭ አያስፈልገውም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚያሳይ ፕሮግራም ያንን ሁሉ ሥዕል በፖስታ ይላክ ብለን አንከራከርም። ነገር ግን ከመካከላችን ስንቱ ነው ያንን የሚያህል ሸክም ያለው? ፊደል ለቃሚያችን ለአንድ ገጽ ብዙ ሴኮንድ ሲፈጅ፣ መልእክት ለመገልበጥ የሚጠፋው ጊዜ ከሴኮንድ እጅግ ትንሽ ቅንጣት ነው። ያንን ቅንጣት ለማዳን ስንል ነው የሰው ስም ያለዋወጥነው።

ሁለተኛው ክርክር የበሰለ ነው። ላወርና ኒድሃም የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1978 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በመልእክት የተሠራ ሥርዓትና በጋራ ሜሞሪና በቁልፍ የተሠራ ሥርዓት እንደ መስተዋትና እንደ ፊት ናቸው፤ አንዱ የሚሠራውን ሌላው ይሠራዋል፤ በደንብ ከተሠሩም በፍጥነት አይበላለጡም ብለዋል። እኛም ይህን አንክድም። ነገር ግን የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ሆንን አንድ ነገር እንጨምራለን። ሁለት ቋንቋዎች አንድን ሐሳብ መግለጽ ቢችሉም፣ በሁለቱ እኩል መሳሳት ይቻላል ማለት አይደለም። በሰሌዳው መንገድ ጥንቃቄው በሁሉም ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ አንድ አዲስ ጓደኛ መጥቶ አንድ መስመር ቢጨምር የቀድሞዎቹን ስምምነት ሁሉ ማወቅ አለበት። በወረፋው መንገድ ግን ስምምነቱ በመልእክቱ መልክ ላይ ተጽፏል፤ ምን እንደሚላክ፣ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ አንብቦ ማወቅ ይቻላል። ተማሪ በየዓመቱ ተመርቆ ለሚሄድበትና ሥራው ለአዲስ እጅ ለሚተላለፍበት እንደኛ ላለ ማኅበር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እስካሁን ያልነውን አንብቦ ወረፋ የበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው ያልን የሚመስለው ቢኖር፣ የራሳችንን ጥፋት ልንናዘዝለት ይገባናል።

በሊነክስ ሳይለወጥ የተተወ ወረፋ የሚይዘው 10 መልእክት ብቻ ነው። 11ኛው ሲመጣ ላኪው ቦታ እስኪገኝ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የኛ ገጽ አቅራቢ ከፊደል ለቃሚው ይፈጥን ስለ ነበር፣ ወረፋው ሞልቶ አቅራቢው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኛም ተበላሸ ብለን ደነገጥን። ከመካከላችን አንዱ ወረፋውን ሲከፍት «አትጠብቅ» የሚል ትእዛዝ ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ እንደ ነፋስ በረረ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። በማግሥቱ ገጾቹን ስንቆጥር 31 ጐደሉ። ወረፋው በሞላ ቍጥር ከርነሉ «አሁን አይቻልም፣ ቈይተህ ሞክር» የሚል መልስ ይሰጥ ነበር፤ መልሱን የሚያነብ መስመር ግን አልጻፍንም። ላኪው ፖስታውን እየጣለ ያልፍ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

«ታዲያ ወረፋውን አስፉት» ይባል ይሆናል። እስኪ እናስላው። አቅራቢው በደቂቃ 3 ገጽ ቢያመጣና ለቃሚው 2 ብቻ ቢጨርስ፣ በየደቂቃው 1 ገጽ ይጠራቀማል። 10 የሚይዘው ወረፋ በ10 ደቂቃ ይሞላል፤ 1000 የሚይዘው ደግሞ በ1000 ደቂቃ፣ ማለትም በ16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሞላል። ሰፊ ወረፋ ችግሩን ከቀን ወደ ሌሊት ያሻግረዋል እንጂ አያስወግደውም። ለጊዜው ለሚመጣ ጥድፊያ ይረዳል፤ ለዘለቄታ ጉድለት ግን አይረዳም። የሞላ ወረፋ ፈጣኑን «ቀስ በል፣ ባልንጀራህ አልደረሰብህም» የሚለው መልእክት ራሱ ነው። እኛ ያደረግነው መልእክተኛውን አፉን መያዝ ነበር።

ወረፋውም ቢሆን በውስጡ ቁልፍ አለበት፤ ይህን መሸሸግ ሐቀኝነት አይሆንም። በሐምሌ 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር የተባለች መንኰራኵር፣ የአየር ጠባይ መረጃ መሰብሰብ ከጀመረች በኋላ ኮምፒዩተሯ በድንገት ራሱን እያጠፋ ይነሣ ጀመር። በመንኰራኵሯ ውስጥ አብዛኞቹ ሥራዎች የሚነጋገሩት በጋራ ሜሞሪ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ቅድሚያ የነበረው የአየር ጠባይ ሥራ ግን መረጃውን የሚቀበለው በመልእክት መንገድ ነበር። ይህ ሥራ በመልእክት መጠበቂያው ውስጥ ያለውን ቁልፍ ይዞ ሳለ መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ሥራዎች ቀድመውት ያስቆሙታል። ያንኑ ቁልፍ የሚፈልገው ከፍተኛ ሥራም ከነሱ ሁሉ በታች ሆኖ ይጠብቃል። ጊዜ ተቆጣጣሪውም ሥራው በሰዓቱ አለማለቁን አይቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ያስነሣል። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው አንድ ማስተካከያ ላኩ፤ ቁልፉን የያዘ ዝቅተኛ ሥራ፣ የሚጠብቀውን ከፍተኛ ሥራ ቅድሚያ ለጊዜው እንዲዋስ አደረጉ። ችግሩም ቆመ። ከዚህ የምንማረው ፖስታ ቤት ራሱ ሠራተኞችና ቁልፎች እንዳሉት ነው። ልዩነቱ ቁልፉ በሁሉም ኪስ መሆኑ ቀርቶ በአንድ ቦታ መቀመጡ ነው፤ ሲበላሽም የሚጠገነው በአንድ ቦታ ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። መልእክት መላኩ ሥራው መሠራቱን አያረጋግጥም። ተቀባዩ ፖስታውን ካነሣ በኋላ ሳይሠራበት ቢሞት፣ ወረፋው መልእክቱን መልሶ አያመጣውም። ወረፋው የሚኖረውም በከርነሉ ሜሞሪ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ፕሮሰሶቹ ቢሞቱ ይተርፋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም። ስለዚህ እንደ አደራ ደብዳቤ፣ የተቀባይ ፊርማ ተመልሶ መምጣት አለበት። አሁን መዝጋቢያችን አንዱን ገጽ በዲስክ ላይ ከመዘገበ በኋላ በሌላ ወረፋ «ደርሶኛል፣ መዝግቤአለሁ» ብሎ ለአቅራቢው ይልካል፤ አቅራቢውም ይህ መልስ እስኪመጣ ድረስ ገጹን ካልተሠሩት ዝርዝር ውስጥ አያወጣውም። ብሪንክ ሃንሰን ከአራቱ ቃላት ሁለቱን ለመልስ የሰጠው ለከንቱ አልነበረም።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። አብረው የሚሠሩ ፕሮሰሶች ሰሌዳ ከመጋራት ይልቅ ደብዳቤ ይጻጻፉ። ሰሌዳው የሚያስፈልግበት ሥራ አለ የሚል ሰው ጊዜውን ለክቶ በቍጥር ያሳየን፤ «ይፈጥናል» ብቻ ብሎ አይለፈን። ደብዳቤ የሚጻጻፉትም ወረፋቸው ልክ ይኑረው፤ ሲሞላ የሚደረገው ነገር አስቀድሞ ይወሰን፤ መልስም ይጠበቅ።

ለአርትስ ፋኩልቲ ባልንጀሮቻችን ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። የአገራችን ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተር መግባቱ አይቀርም፤ እየገባም ነው። የሚያስገቡት ፕሮግራሞች ስለ ጸሐፊው ማንነት፣ ስለ ገጹ ተራ፣ ስለ ዘመኑ የሚሰጡትን ምስክርነት ነገ የታሪክ ተማሪ እውነት ብሎ ይቀበለዋል። ፊደል ቢሳሳት አንባቢ ያርመዋል፤ በሌላ ሰው ስም የገባ ድርሰት ግን ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለበትም። ይህን ሥራ «የቴክኖሎጂዎቹ ጉዳይ ነው» ብለን ብንተወው፣ ነገ በማስረጃ እጦት ማንን ልንወቅስ ነው?

ስሙ ተለውጦ የነበረው ያ ድርሰት አሁን በትክክለኛው ጸሐፊ ስም ተመዝግቧል። የቀሩትን ገጾች ግን አንድ በአንድ ከዋናው ወረቀት ጋር ማመሳከር አለብን፤ ሰሌዳው የትኛውን እንዳሳከረ አልነገረንምና። ጊዜ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ኑና አግዙን።